አርባ ሁለት ሳንቲሜትር

ደላላው በዚያ ቀን ሁለት ቤት አሳያቸው። የመጀመሪያውን ገና ከበሩ ሲገቡ ባልየው ልቡ ቀለጠ። ሙያው ልብስ ስፌት ነው፤ የፊት ለፊቱ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ መስኮት ነበረው፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ እንደ ተዘረጋ ነጭ ጨርቅ ተኝቷል። ባልየው የስፌት መኪናውን የሚያስቀምጥ ይመስል ባዶ እጁን አየር ላይ ዘርግቶ፣ "እዚህች ጋ! ክር ያለ መነጽር ነው የማስገባው!" አለ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጃቸውም ከላይኛው ክፍል እየሮጠች ወርዳ፣ "እማዬ፣ የትምህርት ቤቱ ደወል እኮ እዚህ ድረስ ይሰማል! ደወሉን ሰምቼ ብነሳ እንኳ አላረፍድም" አለች።

"በይ እንግዲህ" አለ ባልየው። "ምን እንጠብቃለን?"

"ሁለተኛውንም እንየው" አለች ሚስቱ፣ ቀያሿ።

መሬት ለኪ ናት። ሁለቴ ሳትለካ የፈረመችበት ወረቀት የለም። ወደዚህች የኮሌጅ ከተማ ጓዛቸውን ጠቅልለው የመጡትም በእሷ ምክንያት ነው፤ ኮሌጁ የመስክ ልኬት መምህርት አድርጎ ቀጥሯታል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንገቷን አስደፍቶ ያባረራት ያው ኮሌጅ።

ሁለተኛው ቤት ከኮሌጁ ጀርባ፣ የመምህራን ሰፈር በሚባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነበር። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቧል፤ ቀለሙ ይላላጣል፤ መስኮቶቹ ጠባብ ናቸው፤ ከኮሪደሩ በቀር ለስፌት መኪና የሚሆን ቦታ የለም። ደላላው ራሱ አፍሮ ከበሩ አላለፈም። "እንዲያው ሁለት ቤት አሳየሁ ለማለት ያህል ነው" አለ።

ቀያሿ ወደ መንገዱ ወጣች። ልማድ ሆኖባት አንድ ዓይኗን ጨፍና የአጥሮቹን ረድፍ አየች። ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ በየሁለቱ ቤት መካከል አንድ የጋራ ግንብ አለ። የቀኝ ጎረቤቱ ቤት ግን ልዩ ነው። በወዲያኛው ጎኑ ከቀጣዩ ቤት ጋር አልገጠመም፤ በሁለቱ ግንቦች መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ስንጥቅ የመሰለ ክፍተት ቀርቷል። ውስጡ ሣር በቅሎበታል። አንዲት ግራጫ ድመት ተጋድማበታለች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እሱ? የድመት መንገድ ነው የምንለው" ብሎ ሳቀ ደላላው። "ሰውዬው ቤቱን ሲሰራ ምን እንደታየው እንጃ፣ ግንቡን ሁሉ ወደዚህ ገፋ አደረገው። በዚያ በኩል ክፍተት ተረፈ፣ በዚህ በኩል ደግሞ..." ደላላ ሊጨርሰው የማይገባ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ትዝ አለውና ዋጠው።

"በዚህ በኩል ደግሞ?"

"በዚህ በኩል ደግሞ ጥሩ ጎረቤት ነው። ፕሮፌሰር ናቸው። ኮሽታ የለባቸውም።"

ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። ጎንበስ ብላ ከግንብ እስከ ግንብ ዘረጋችው። ድመቷ አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻትና መልሳ ጨፈነች። ቀያሿ ቁጥሩን አነበበች፤ አንድ እጇን ግንቡ ላይ ጣለች።

አርባ ሁለት።

"ፕሮፌሰሩ ማን ናቸው?"

"ጡረታ ወጥተዋል። ተማሪ ያወጣላቸው ስም ነበር፤ ምን ነበር... ሚሊሜትር!"

"ቤቱን የሰሩት መቼ ነው?"

"ሃያ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ሲሚንቶውን ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።"

ሃያ አንድ። እሷ በተባረረች በዓመቱ ማለት ነው።

በኮሌጁ በር ላይ ናስ የተቸነከረበት ድንጋይ አለ። የከተማዋ ልኬት ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ነው። ድንጋዩን በወጣትነቱ የተከለው ሚሊሜትር ነው፤ በአንዲት ሚሊሜትር ስህተት የተማሪ ውጤት የሚቆርጠው፣ በኮሪደር ሲያልፍ ተማሪ እስትንፋሱን የሚይዝለት። ኮረብታው ላይ ደግሞ ሌላ፣ ማን እንደተከለው የማይታወቅ፣ የአገሩ ካርታ ግን የሚነሳበት አሮጌ ድንጋይ አለ። በመጨረሻው ዓመቷ የተሰጣት ሥራ ከኮረብታው ድንጋይ እስከ በሩ ድንጋይ ያለውን መለካት ነበር። ለካች። የበሩ ድንጋይ መሆን ካለበት ቦታ አርባ ሁለት ሳንቲሜትር ፈቀቅ ብሎ አገኘችው። በራሷ አላመነችም። ስምንት ቀን ተመላልሳ ለካች፤ በፀሐይ ለካች፣ በጉም ለካች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ሚሊሜትር የመስክ ደብተሯን ገልጦ እስከ መጨረሻው አላነበበም። በቀይ ብዕር ገጹ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ "ፈጠራ" ብሎ ጻፈበት። "አንቺ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለሽ ነው ቁጥር የወለድሽው" አላት በተማሪው ሁሉ ፊት። በዚህ ሙያ መሳሳት ይቅር ይባላል፤ ቁጥር መፍጠር ግን አይባልም። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

አባቷ ፖስታ አዳይ ነበር። አልተቆጣም። አንድ ማታ ብቻ ጫማውን እያወለቀ፣ ቀና ሳይል፣ "ልጄ፣ እውነት ለክተሽ ነበር?" አላት። "ለክቻለሁ አባዬ" አለች። "እሺ" አለ። ያቺ "እሺ" ግማሽ ልብ ነበረች። አባቷ ያቺን ግማሽ ልብ ይዞ ሞተ። እሷ ለመንገድ ሥራ ድርጅት ባለ ሦስት እግሩን የመሣሪያ ማቆሚያ ስትሸከም ኖረች፤ ሌላ ከተማ በማታ ትምህርት እንደገና ከሀ ጀመረች፤ ደብተሯን ግን በሄደችበት ሁሉ ይዛው ዞረች።

አሁን ግንቡን ተደግፋ ሁሉም ነገር ቁልጭ አለላት። የከተማዋ ቦታ ሁሉ ከበሩ ድንጋይ ስለተሸነሸነ ሁሉም እኩል ፈቀቅ ብሏል፤ እኩል ስለሆነም ማንም አልተጎዳም። ፈቀቅ ያላለ አንድ ቤት ብቻ ነው። ሰውዬው እሷን ካባረረ በኋላ ብቻውን ኮረብታ ወጥቷል። ለክቷል። አርባ ሁለትን በዓይኑ አይቷል። ከዚያ የራሱን ቤት በትክክለኛው ቦታ ሰራና አፉን ዘጋ! አለማወቁ ቢሆን ኖሮ እኮ በቀሏ ይበርድ ነበር። ማወቁ፣ አውቆም በትክክለኛው ግንብ ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ተደላድሎ መተኛቱ ነው ደሟን ያፈላው።

"ይህን ቤት እወስደዋለሁ" አለች።

ደላላው ዙሪያውን አየ፤ ሌላ ሰው የምታናግር መስሎት። "እህቴ፣ በሞቴ ተይው! እኔ እኮ ሻጭ ነኝ፤ እኔ ተይ ስልሽ ስሚኝ። ክረምት ሲመጣ ከወለሉ ውኃ ነው የሚወጣው።"

ለባሏ "ለኮሌጁ ቅርብ ነው፤ ሥራዬ ያደክመኛል" አለችው። አመናት። ከባዱ ነገር እሱ ነበር፤ ማመኑ። የስፌት መኪናውን ኮሪደር ውስጥ አምፖል ሥር አስቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ደንበኛን ግራጫ ሱፍ የግድግዳው ሻጋታ ነካው። ባልየው ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

እሷ ግን ለማዘጋጃ ቤቱ ወሰኔ በልኬት ይረጋገጥልኝ ብላ አመልክታ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት ቀያሽ መጣ፤ እንደ ደንቡ ከበሩ ድንጋይ ተነስቶ ለካ። ረዳቱ ንባቡን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ እሱ እየጻፈ ጮክ ብሎ ይደግማል። የዚህ ሙያ ሕግ ነው፤ ቁጥር ሁለት አፍ ካልጠራው ደብተር አይገባም።

"አርባ ሁለት!"

"አርባ ሁለት!" ወጣቱ ወደ እሷ ዞረ። "የጎረቤትዎ ግንብ ወደ እርስዎ ገብቷል፣ መምህርት። የማንበቢያ ክፍላቸው ጀርባም አብሮ። እሳቸው በሠላሳ ቀን ውስጥ ወይ ያፈርሳሉ፣ ወይ በቂ ምክንያት በጽሑፍ ያቀርባሉ።"

ባልየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ሰዎቹ ሲሄዱ፣ "ለዚህ ነው?" አላት።

አንድም ነገር ሳትደብቅ ነገረችው። ደብተሩንም አሳየችው። ቀዩን ጽሑፍ በጣቱ ዳሰሰው።

"ቤቱን የገዛሽው ለእኛ ነው ለእሱ?"

"ለእሱ" አለች።

ባልየው ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተመለከተው። "አርባ ሁለት እኮ የአንገት ልክ ነው" አለ። "የወፍራም ሰው የሸሚዝ ኮሌታ።" ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። "በይ እንግዲህ አንገቱን ከያዝሽው አይቀር አጥብቀሽ ያዢው። እኔ ግን ሱፉን ምን ብዬ እንደምመልስ ንገሪኝ።"



ሚሊሜትር በአምስተኛው ቀን የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ ይዞ መጣ። አርጅቷል፤ ኮቱ ግን እንደ ድሮው አንዲት ሽብሽብ የለበትም። አላወቃትም።

"ልጄ፣ የወጣቶች ስህተት ነው። የእኔ ግንብ በትክክል የተለካ ነው። በሚሊሜትር!"

"ከየትኛው ድንጋይ ተነስተው፣ ፕሮፌሰር?"

ደብዳቤውን ከማውለብለብ ተገታ። አይገርምም? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

"ከበሩ ድንጋይ ከሆነ" አለች ረጋ ብላ፣ "ግንቡ ይፈርሳል። ከኮረብታው ከሆነ ትክክል ነዎት፤ ግንቡም ይቆማል፤ ግን ያን ጊዜ የበሩ ድንጋይ ስህተት ነው።" ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠች። ሽማግሌው የራሱን እጅ ጽሑፍ አየ፤ ከዚያ ፊቷን አየ፤ ቀለሙ ከፊቱ ሲወርድ በደስታ አስተዋለች።

"አንቺ ነሽ" አለ።

"እኔ ነኝ። በመስክ ደብተር ላይ ስህተት እንዴት ነው የሚታረመው? እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

ሽማግሌው ደብተሩን ወደ እሷ ገፋ።

"አይፋቅም" አለች እሷ። "በአንድ መስመር ይሰረዛል። ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል። ያረመው ሰው ይፈርማል። ይህን ያድርጉልኝ፤ ማመልከቻዬን ዛሬውኑ አነሳለሁ።"

ሽማግሌው ተነሳ። "ግንቡ ይፍረስ!" ብሎ ወጣ።

እውነትም ማፍረስ ጀመረ! ሁለት የቀን ሠራተኞች ቀጠረ። ቀያሿ ወንበር አውጥታ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ዝናብ የናፈቀ ገበሬ ደመና እንደሚያይ አቧራውን ታይ ነበር። አጥሩ በአንድ ቀን ወረደ። ግራጫዋ ድመት በፍርስራሹ ላይ ተረማምዳ ወደ እሷ ግቢ ገባች። በማግስቱ ሠራተኞቹ የማንበቢያ ክፍሉን ጀርባ ተያያዙት። አንድ ድንጋይ ሲነቀል ከውስጥ የመጽሐፍ መደርደሪያ ታየ፤ በቀዳዳው በኩል ደግሞ የሽማግሌው ዓይን።

"በል አንተ፣ ምን ቆመሃል?" ይላል አንዱ ሠራተኛ ለሌላው።

"ሽማግሌው መጽሐፉን አቅፎ ተቀምጧል እኮ! በላዩ ላይ ልናደው?"

ሥራው ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው በፈረሰው አጥር ላይ ተሻግሮ መጣ፤ በበሩ አልመጣም። ኮቱ አቧራ ለብሷል። ሳይቀመጥ ከኪሱ ብዕር አወጣ። "ፈጠራ" በሚለው ላይ አንድ መስመር አሰመረ፤ ቀጥ ያለ፣ ያለ ማስመሪያ። ከላዩ "ልኬቱ ትክክል ነው፤ ድንጋዩ ስህተት ነው" ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ቀኑን ጻፈ።

"አሁን በቃዎት?" አለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላት።

ደብተሩን አነሳችና አየችው። የሙያው ሕግ ጨካኝ ነው፤ የተሰረዘው ከመስመሩ ሥር ይነበባል። አባቷም ይህን ገጽ አያይም።

"አልበቃኝም" አለች።

ማመልከቻዋን ግን በቃሏ መሠረት በዚያው ቀን አነሳች። ለባሏም የቤቱን ትልቁን ክፍል፣ የመኝታ ቤታቸውን፣ ለቀቀችለት፤ ኮሪደሩን እሷ ወሰደች። ባልየው መኪናውን ጎትቶ መስኮቱ ሥር እያስቀመጠ፣ "መስኮቱ አሁንም ጠባብ ነው" አለ። "ቢሆንም ከአምፖል ይሻላል።" ልጅቷ ደግሞ ደወሉ ስለማይሰማት በሳምንት ሁለት ቀን ታረፍዳለች፤ ስትወጣ በሩን የምትዘጋው ለእናቷ እንዲሰማ አድርጋ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ሠላሳ አዲስ ተማሪዎች መሣሪያ ተሸክመው ኮረብታው ላይ ተሰለፉ። መምህርቷ የሰጠቻቸው የመጀመሪያ ሥራ ከአሮጌው ድንጋይ እስከ በሩ ድንጋይ መለካት ነበር። በየቡድናቸው ለኩ፤ ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ያንኑ ቁጥር አገኙ።

"ተሳስተን ይሆን፣ መምህርት?" አለች አንዲት ልጅ።

"አልተሳሳታችሁም። ተከተሉኝ፤ ማስረጃውን ላሳያችሁ።"

መንገዱን ይዛቸው ወረደች። በመምህራን ሰፈር፣ በድመት መንገድ ላይ አቆመቻቸው። ዓመት በመጣ ቁጥር አዲስ ሠላሳ ይመጣል፤ ዓመት በመጣ ቁጥር እዚህ ይቆማል። ስለዚህ ነገር ለማንም ምንም ቃል አልገባችም። ያቺው ተማሪ ሜትሩን ከግንብ እስከ ግንብ ዘረጋች።

"አርባ ሁለት" አለች በለሆሳስ።

"ጮክ በይ" አለች ቀያሿ፣ ዓይኗ በሽማግሌው መጋረጃ ላይ። "ጸሐፊው ካልሰማሽ እንዴት ይደግመዋል?"

"አርባ ሁለት!"

"አርባ ሁለት!" አሉ ሠላሳዎቹ በአንድ አፍ።

መጋረጃው ተነቃነቀ።

"እንደገና" አለች።