የምጽዋ ባሕር ሙላት

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ምጽዋ ከደረሰ በኋላ እናቴ ጨረቃን ትፈራ ጀመር። ጣጣውን ያመጣው ከዚያው ቆስሎ የተመለሰ የኮልፌ ጎረቤታችን ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ባሕሩ ተነሥቶ ወታደሮቹ የሚያድሩበት ደጃፍ ድረስ ይመጣል ብሏት ሄደ። እሷ ዋና የማይችል ልጇን አሰበች። ስለ ጦርነቱ ማውራት ያስፈራ ነበር፤ ቀበሌው ጆሮ ነበረው። ባሕር በማማት ግን የታሰረ ስላልሰማን በቤታችን የሚወራው ባሕር ብቻ ሆነ።

እኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ነገሩን በጂኦግራፊ ስለተማርነው ላረጋጋት ተነሣሁ። «እማዬ፣ ባሕሩ ተቆጥቶ እኮ አይደለም፤ ጨረቃ ናት የምትስበው» አልኳት። በጨረቃ በኩል ያለው ውሃ ለእሷ ስለሚቀርብ ከመሬት አብልጦ ይሳባል፤ ያብጣል። በወዲያኛው በኩል ያለው ደግሞ ከመሬት አንሶ ስለሚሳብ ወደ ኋላ ይቀርና እሱም ያብጣል። መሬት ስትዞር አንድ ወደብ በቀን ሁለቱንም እብጠት ያገኛል።

«ታዲያ የእንስራዬን ውሃ ለምን አትስበውም?» አለች።

እንስራ ትንሽ ስለሆነ አፉም ቂጡም ለጨረቃ እኩል ነው አልኳት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ እውቀቴ አላስቀምጥ ብሎኝ ፀሐይን ጨመርኩ። ፀሐይ ሩቅ ስለሆነች ባሕር በማንሣት ከጨረቃ ግማሽ እንኳ አትሞላም። ከመሬት ጋር ሦስቱም በአንድ መስመር ሲሰለፉ ግን ፀሐይና ጨረቃ ተጋግዘው ውሃውን ከወትሮው ከፍ ያደርጉታል። ያም ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጠፍታ አዲስ ስትወለድ ነው።

የእናቴ ፊት ተለዋወጠ። «ስትጠፋም? እኔ እስከ ዛሬ ያን ሰሞን እፎይ ብዬ ነበር የምተኛው!»

ላጽናናት ብዬ ፍርሃቷን እጥፍ አደረግሁት። አባቴ ጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ ስለነበር የጨረቃን ዕድሜ በባሕረ ሐሳብ ቀመር፣ በጣቶቹ አንጓ እየቆጠረ ያወጣል። ከዚያ ወዲህ እኔ ምክንያቱን፣ እሱ ቀኑን ሰጠናት፤ እሷም በሁለቱም ሰሞን እህል አትቀምስም ነበር። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ፀሐይና ጨረቃ በየፊናቸው ስለሚስቡ ሙላቱ እንደሚቀንስ ነግሬአታለሁና ያኔ ትበላለች፣ ገበያ ትወጣለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች። እኔም ሳይታወቀኝ ሰማይ ሰማይ ማየት ለመድኩ። ፈራሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ሆኜ ፈራሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ አጭር ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። እናቴ አገላብጣ ከሳመችው በኋላ ሳታስቀምጠው ስለ ባሕሩ ጠየቀችው።

ሳቀ። «እማዬ ደግሞ! የምጽዋ ባሕር እኮ ቢሞላ ቢሞላ ወገብ ቢደርስ ነው። ደጃፋችን ሲመጣ እግራችንን እንታጠብበታለን።»

እኔና አባቴ እፎይ አልን። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጉንጩን፣ አንገቱን ስታይ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታዲያ እንዲህ ያከሳህ ምንድን ነው?» አለችው።

ወንድሜ ክፍቱን በር አየ። ከዚያ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።

በሳምንቱ ጦር ኃይሎች ሰፈር ድረስ ሄደን መኪና አሳፍረን ሸኘነው። ቤት ስንገባ አባቴ እንደ ልማዱ ጣቶቹን ዘርግቶ መቁጠር ሲጀምር እናቴ እጁን ያዘችው።

«ተወው» አለችው። «ልጄ የሚፈራው ነገር ቀን የለውም።»