ወራጅ የሌለበት ሊግ

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬን ስነካካ አንድ ዜና ዓይኔ ገባ። አንድ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ዘንድሮም መጨረሻ ሆኖ ውድድሩን ጨረሰ ይላል። የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ደጋፊዎቹ የራሳቸው ሐዘን ይበቃቸዋል። እኔ ግን እዚያው ሰልፍ ላይ ክው አልኩ። ያስደነገጠኝ መሸነፉ አይደለም፤ መሸነፉንማ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከስንት ዘመን በኋላም ለነዚያ ሰዎች ሆዴ መባባቱ ነው የገረመኝ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባዬ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነው፤ እማዬ ልብስ ትሰፋለች። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል በቤተ ክርስቲያናችን እንግሊዝኛ ሊያስተምር የመጣ ዳን የሚባል አሜሪካዊ ተከራይቷት ነበር። እኛ ልጆቹ ጋሽ ዳን እንለዋለን። ማክሰኞ ማክሰኞ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ የዚያን የሚደግፈውን ቡድን ጨዋታ ቅንጭብ በፍላሽ ይዞ ይመጣል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ናሆም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ኪሳችንን ቆሎ ሞልተን ላፕቶፑ ፊት እንጎለታለን። ክፍሏ የኦቾሎኒ ቅቤና የእርጥብ ጫማ ሽታ ነበራት። ጨዋታው ምኑም አይገባንም። ኳሷ እንቁላል ትመስላለች፤ አንዱ አቅፏት ይሮጣል፤ የቀሩት እላዩ ላይ ይከመሩበታል። የገባን ነገር ቢኖር የጋሽ ዳን ቡድን ሁልጊዜ መሸነፉ ብቻ ነው።

የሠፈሩ ልጅ ሁሉ የእንግሊዝ ክለብ ሲደግፍ ናሆም ለእነዚህ ተሸናፊዎች ተንገበገበ። ምክንያት ነበረው። ሰባተኛ ክፍል ወድቆ ስለደገመ እኔ ታናሽ እህቱ ደርሼበት አንድ ክፍል እንማር ነበር። አባዬም "በመንፈቁ ካርድ እንደገና መጨረሻ ከወጣህ ትምህርቱ ይቅርብህ፣ ረዳቴ ትሆናለህ" ብሎታል። አባዬ ደግሞ ያለውን ያደርጋል። ናሆም ታዲያ ዕድሉን ከቡድኑ ጋር አሰረው። እኛ በምናውቀው ኳስ መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል፤ የአሜሪካኖቹም እንደዚያው መስሎን ነበር። እነሱ ከተረፉ እሱም ይተርፋል፣ ከወረዱ አለቀለት።

ሽንፈቱ ሲደራረብ ወሬው ሠፈር ገባ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ናሆም ባለፈ ባገደመ ቁጥር ልጆቹ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ!" እያሉ ይጮኹበት ጀመር። እሱም እየተናደደ ቤት ይገባል፣ ደብተሩን ግን አይከፍትም። "እሺ ቢወርዱስ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "በቃ፣ እኔም ወረድኩ ማለት ነው" አለኝ። እኔ በዚያን ጊዜ አንደኛ የምወጣ ጉረኛ ነበርኩና ሳቅሁበት።

የመጨረሻውን ጨዋታ ያየነው ገና ካለፈ በኋላ ነው። ቡድኑ ሊያሸንፍ ትንሽ ሲቀረው ኳሷ መስመሩ አፍ ላይ ከአንዱ እጅ ሙልጭ ብላ ወደቀች፣ ጨዋታውም አለቀ። ናሆም ድምፁን ለቆ አለቀሰ። አባዬ ገና ከሥራ መግባቱ ነበር፤ ሰው የሞተ መስሎት የታክሲውን ቁልፍ እንደያዘ ሮጦ መጣ። እማዬም ተከትላው ደረሰች።

"ጋሽ ዳን፣ አሁን ወዴት ነው የሚወርዱት?" አለ ናሆም እየተንሰቀሰቀ።

"መውረድ? የት?" አለ ጋሽ ዳን ግራ ገብቶት።

"ታችኛው ሊግ ነዋ!"

"ታች የለም። ማንም አይወርድም።" ጋሽ ዳን አማርኛው እየተያዘበት ነበር የሚናገረው። "መጨረሻ የሆነ ቡድን... እ... አዲስ ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ እሱ ይመርጣል። በጣም ጎበዙን እሱ ይወስዳል።"

 ናሆም ለቅሶውን አቋረጠ። መጀመሪያ የተናገረው አባዬ ነው። "ምን አልክ? ጭራ ለወጣ ምርጫ? ይሄማ ስንፍናን መሸለም ነው!"

እማዬ መርፌዋን ከከንፈሯ አወጣችና "አንተ ሰው፣ ኋለኞች ፊተኞች ይሆናሉ ተብሎ ሲሰበክ እሁድ እሁድ አሜን ትል የለም እንዴ?" አለችው። አባዬ ወጥቶ ጠዋት ያጠበውን ታክሲ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

በቤታችን የካርድ ቀን ሕግ አለው። አባዬ ከመርካቶ ያመጣውን ጫማና ቦርሳ ሶፋው ላይ ይደረድራል፤ በደረጃ የበለጠው ቀድሞ ይመርጣል፣ የተረፈው ለሌላው ነው። የዚያን ዕለትም እንደ ልማዴ አንደኛ ወጥቼ ቀይዋን ጫማ በዓይኔ ይዣታለሁ። ናሆም መጨረሻ ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ካርዱን ዘረጋ። አባዬ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። "ነገ ታክሲው ላይ ትወጣለህ" ሲለው ለመስማት ስጠብቅ፣ "ና፣ አንተ ቀድመህ ምረጥ" አለው።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። "አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። ያ ሁሉ ጥናት፣ ያ ሁሉ አንደኝነት ገደል የገባ መሰለኝ። ናሆም ግን ሶፋውን ዞሮም አላየው። እጁን አነሳና ወደ እኔ ጠቆመ።

"እሷን።"

"ምን እሷን?" አለ አባዬ።

"ጎበዙን የሚወስደው መጨረሻ የወጣው ነው ተባለ አይደል? እሷ ታስጠናኝ።"

አባዬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እማዬ አለቀሰች። እኔ ቀይዋን ጫማ ማንሳት እንኳ ረሳሁ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ታክሲውን ግቢ ሲያቆም እኔና ናሆም የኋላው ወንበር ላይ፣ በቤንዚን ሽታ መሃል እናጠና ነበር። እንጣላለን፣ ደብተር እንወራወራለን፣ እንታረቃለን። ናሆም በዓመቱ መጨረሻ ክፍሉን ለጥቂት አለፈ። ዛሬ የኤክስሬይ ባለሙያ ነው።

አሁን እኔም የልጆች እናት ነኝ። በዛሬ ትምህርት ቤቶች መጨረሻ የሚወጣ ልጅ ወላጅ በትህትና ተጠርቶ "ሌላ ትምህርት ቤት ብትፈልጉለት" እንደሚባል ስሰማ ያኔ ከደነገጥኩት የባሰ እደነግጣለሁ። እኔም ብሆን ከዚያ ወዲህ ስንት ቦታ ተወዳድሬ ተመርጫለሁ፤ ለሥራ፣ ለሹመት፣ ለትዳርም። እንደ ናሆም አድርጎ ግን ማንም መርጦኝ አያውቅም።