የመጨረሻው አልበም

እ.ኤ.አ. በ2021 አብሮኝ ይኖር የነበረው ጓደኛዬ በየጠዋቱ ከምንኖርበት ከሊንደን ሰፈር፣ ግሮቭ ሲቲ ወዳለው የምንሠራበት መጋዘን በመኪናው ይዞኝ ይሄድ ነበር። መንገድ ላይ የምንሰማው አንድ የእንግሊዝ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ቡድን ነው። ደንብ አወጣን፤ አልበሞቻቸውን ከመጀመሪያው ጀምረን በሳምንት አንድ አብረን እንሰማለን፣ ማንም ቀድሞ አይሰማም። እኔ ለእያንዳንዱ አልበም አንድ ግጥም እጽፋለሁ። ከትንሽ ጭፈራ ቤት ተነስተው ስታዲየም ሲሞሉ፣ በኋላም ሲደክማቸው እዚያችው መኪና ውስጥ ተከተልናቸው።

የመጨረሻው አልበም ተራ ሲደርስ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ።

«በስንት ጉጉት ጠበቅኩት መሰለህ» አለኝና ከፈተው።

መሃል ላይ ሙዚቃው ድንገት ጸጥ አለ። ጓደኛዬ ጣቶቹን አንስቶ መሪውን መታ፤ ከበሮውም እኩል ከእሱ ጋር ገባ። ከበሮው መቼ እንደሚመለስ ቀድሞ ያልሰማ ሰው አያውቅም።

«ሰምተኸዋል!»

«ቅዳሜ ከፍቅረኛዬ ጋር ፕሌይ አደረግነው። አንተ ደግሞ! ሙዚቃ እኮ ነው፣ ቁርባን አይደለም።»

እኔ ቅዳሜ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። አልበሙ ስልኬ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም።

ደብተሬን ዘጋሁ። ለዚያ አልበም እስካሁን ግጥም የለኝም።