ድንጋይ ያለበት ቦታ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሜትር፣ ክሊፕቦርድና አንድ ጥራዝ የቅርስ መመዝገቢያ ቅጽ ተሰጠኝ። የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ታምሩ ቅጹን ገልጠው አንዲት ጠባብ ሳጥን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉ። «የቦታው ዓይነት» ትላለች። «እዚህች ላይ አጠር አድርገሽ ጻፊ፤ ድርሰት አንፈልግም» አሉኝ። ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ስለነበር ድርሰት ይቀናኝ ነበር። ቅር አለኝ፤ ግን እሺ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ከይርጋጨፌ በሞተር ተነሥቼ፣ ወደ ጨለለቅቱ በሚወስደው መንገድ አንድ ቀበሌ ገባሁ። በቡናና በእንሰት መሃል ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። አንዳንዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ አንዳንዱ ላይ ፊት ተቀርጿል። ያስጎበኙኝ አቶ ጅግሶ የሚባሉ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም አንተ ነው የሚሉኝ።

«ይሄ ሰው ነው» አሉ፣ አንዱን በዱላቸው እያሳዩኝ። «ከሥሩ ሰው አለ። የአባቶች መቃብር ነው።»

ቁመት ለካሁ፣ ዙሪያ ለካሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ጠባቧ ሳጥን ላይ ስደርስ «ድንጋይ ያለበት ቦታ» ብዬ ሞላሁ። ትክል የምትለዋን እንኳ ማስገባት አቃተኝ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

«ድንጋይማ የትም አለ» ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ስቄ ፈረምኩ።

ቅጹ በሦስት ኮፒ ይሠራል። አንዱ ወረዳ ይቀራል፣ አንዱ ዞን ይሄዳል፣ ሦስተኛው ለቀበሌው ምክር ቤት ይሰጣል። ዓመታት አልፈው ቡድን መሪ እስክሆን ድረስ ያ ሦስተኛ ኮፒ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ከመጠጣት ሌላ ሥራ ያለው አይመስለኝም ነበር።

ባለፈው በጋ ለክትትል ወደዚያው ቀበሌ ሄድኩ። ሞተሩን ሳጠፋ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ከሌላ አካባቢ የመጡ ሁለት ሠራተኞች በዲጂኖ ድንጋይ ይገለብጣሉ፤ ሦስተኛው ይፈልጣል። አራት ትክሎች ተፈልጠው ተከምረዋል። አንዱ ስባሪ ላይ አፍንጫና አንድ ዓይን ይታያል። «ማን ፈቀደላችሁ?» አልኳቸው። «ቀበሌው» አለኝ የሚፈልጠው።

አቶ ጅግሶ ከአንድ ቡና ዛፍ ሥር ቆመው ያያሉ። «ተው ብዬ ነበር» አሉኝ። «ወረቀት አምጣ አሉኝ። እኔ ወረቀት ከየት አመጣለሁ?»

በቀጥታ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነዳሁ። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ዱካለ ነገር የማይወድ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነው። ጮህኩበት። እሱ ግን ወንበር ስቦልኝ ፋይል ከፈተ።

«እህቴ፣ ለጤና ኬላው መሠረት ድንጋይ ፈለግን። ሽማግሌው ቅርስ ነው አሉ። እንዲሁ አላለፍናቸውም፤ መዝገብ አስወጥተን አየን። ይኸው፣ የወረዳው ባለሙያ ራሱ ድንጋይ ያለበት ቦታ ብሎታል። ቅርስ ቢሆን እንደዚህ ይጽፋል?»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። ፊርማው የእኔ ነው።

«ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ» አልኩት።

ዱካለ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ፈለጣው እንዲቆም አዘዘ።

በማግስቱ ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ቅጹን አንብቤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። አንዲት የምክር ቤት አባል፣ «ታዲያ ቦታው ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። መልሱን ለአቶ ጅግሶ ተውኩት።

«መቃብር ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እጅ ተቆጠረ። የቀድሞው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ፤ ጤና ኬላውም ሌላ ድንጋይ እንዲፈለግለት ተባለ። ሻይ ተፈልቶ ሳይቀርብ ሁሉም አለቀ። ከስባሪው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። በአንድ ቃል የሚቆም ነገር ነበር፤ ቃሉን ደግሞ መጀመሪያ በሄድኩበት ቀን ከአቶ ጅግሶ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከምክር ቤቱ አባላት ጋር ስባሪዎቹን ወደየቦታቸው መለስን። ዓይን ያለበትን አቶ ጅግሶ ራሳቸው ተሸከሙት፤ እናግዝዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ከዚያ አዲስ ቅጽ ሞላሁ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?»

«የአባቶች መቃብር። ትክል ድንጋዮች የቆሙበት። አይነካም።» ጽሑፉ ከሳጥኗ አልፎ እስከ ኅዳጉ ሄዷል። አቶ ጅግሶ አልሳቁም። የተፈለጡት አራቱ ግን ዛሬም እንደተፈለጡ ናቸው።

ቅጽ የምትሞሉ ባልደረቦቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የጻፋችሁትን ለቦታው ሽማግሌና ለምክር ቤቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከሳቁ፣ ደግማችሁ ጻፉ።