ስልኬ ከጫማዬ ጋር

ላሊበላ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ባለፈው ጾም ንስሐ ልገባ ብዬ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የንስሐ አባቴን መስቀል ተሳልሜ ከዋሻው አፍ አጠገባቸው ስቀመጥ፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አይተው «እሱን ሂድና ጫማህ ጋ አስቀምጠው» አሉኝ።

እንቢ አልኩ። «ቆልፌዋለሁ እኮ አባ። ያለ እኔ ጣት አይከፈትም።»

«ለሠራውም አይከፈትም?»

ነደደኝ። በሙያዬ የመጡብኝ መሰለኝ። «የሠራው ድርጅት ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ጽፏል፤ እኔም ተስማምቻለሁ» አልኳቸው።

«አንብበኸው ነው የተስማማኸው?»

«ረጅም ነው አባ። ማንም አያነበውም።»

«እኔ የነገርከኝን ባወጣ ከክህነቴ እሻራለሁ። እነሱስ ከምን ይሻራሉ?»

አልተሸነፍኩም። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ «አባ፣ እነሱ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዘው የእኔን ምን ብለው ያያሉ? ሰው እጁ የገባውን ሁሉ ይከፍታል እንዴ?» አልኩ።

«ይሁን። በል የመጣህበትን ንገረኝ» አሉ።

ተነሥቼ በሩ ጋ ሄድኩ፤ ስልኩን ጫማዬ ውስጥ ከትቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«አባ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፣ «አንዲት ከብልባላ የመጣች ልጅ መስታወቱ የተሰበረ ስልኳን እንድጠግንላት ሰጥታኝ፣ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻለሁ።»