የአለሙ ጉሮሮና የቅዱስ ሳጥን

የመርሳ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ አለሙ ድምፁን ከሚስቱ አስበልጦ ይወድ ነበር ቢባል፣ ሚስቱ የሻረግ ራሷ አትክድም። «ወልድያ! ወልድያ!» ስል እስከ ውርጌሳ ከተማ ይሰማል እያለ ይጎርር ነበር፤ ማጋነኑ ቢታወቅም የሚከራከረው አልነበረም። አንድ ክረምት ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ጭርሱን ሲጠፋ ታዲያ እንደ ሟች ቤተሰብ ሐዘን ተቀመጠ። በሐዘኑ ላይ ስጋት ተጨመረበት። ጮኾ የማይጠራ ተራ አስከባሪ ምን ይረባል? የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው የሚል ወሬ ደረሰው።

የየሻረግ ወንድም ቅዱስ፣ ወልድያ ከተማ ውስጥ መምህር ነው። ዘመኑ በየስብሰባው «የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚባልበት ነበርና፣ እሱም የሚያሸጋግረው ነገር ሲፈልግ አማቹን አገኘ። የእጅን ሙቀት በኢንፍራሬድ ሴንሰር የሚለይ ሳጥን ሠራለት። ሳጥኑ ፊት አያውቅ፣ ልብስ አያውቅ፣ የሚያየው የገላ ትኩሳት ብቻ ነው። አለሙ አንድ እጁን ሲዘረጋ በድምፅ ማጉያ «ግቡ፣ ቦታ አለ!» ይላል፤ ሁለት እጅ ካየ «ሞልቷል፣ ዞር በሉ!»። ሁለቱ አማቾች ሳሎን ውስጥ ሲለማመዱ አንዴም አልሳተ።

በሙከራው ቀን፣ ሳጥኑ ሚኒባሱ በር ላይ ታስሮ ሳለ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ አማን ወደ ወልድያ ሊሄዱ መጡ። የአለሙ እንጀራ ያለው በእሳቸው አፍ ነው። አለሙ ቀኝ እጁን ወደ ሚኒባሱ በር ዘረጋላቸው። ለሐጂ አማን ግን እጅ እንዲሁ አይዘረጋም፤ አለሙም አሳዳጊ የበደለው አይደለም። ጎንበስ ብሎ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደገፈ። ሳጥኑ ሁለት ትኩስ እጅ አየ።

«ሞልቷል፣ ዞር በሉ!» ብሎ መናኸሪያውን አናወጠው።

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ቅዱስ ሽቦውን ሊነቅል ሲጣደፍ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጨ። አለሙ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋው፤ ይቅርታ እንዳይል ድምፅ የለው። ቀና ሲል ግን ሐጂ አማን ወንበር ይዘው ተደላድለዋል።

«ሐጂ፣ ይማሩን፤ የማሽኑ ጥፋት ነው» አለ ቅዱስ።

«የምን ጥፋት? አለሙ በእጁ ግቡ አለኝ፣ ገባሁ።» ወደ አለሙ ዞሩ። «ሥራህ ላይ ነህ፣ ማንም አይነካህም። ወላሂ፣ ያ ሁሉ ዘመን በጩኸትህ ጆሯችንን ያደነቆርኸን ለካ በከንቱ ነው።»

አለሙ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነ። ሚኒባሱ ሲሄድ «በከንቱ» የምትለዋን ቃል በልቡ እያመላለሰ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የሻረግ የምሥራቹን ሰምታ ስትመጣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አገኘችው። የደስታ እንባ መስሏት አቀፈችው፤ እሱም አላረማትም።