ሰነፍ የተባለው ጎረቤቴ

የምሥራች! በሽታው ታወቀ! የኔ እንዳይመስላችሁ፤ የኔስ ተራ የወገብ ሕመም ነው። እዚህ ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ሆስፒታል ከጎኔ የተኛው የግዙፉ ዓሣ አጥማጅ ነው። ከሹራቡ የባሕር ጨው ሽታ አይለቅም፤ ቦት ጫማውን አሁኑኑ እንደሚነሳ ሰው ወደ በሩ አዙሮ ያስቀምጣል። ግን የልደት ኬክ በበላ ማግስት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ወንድሙ ፕሬበን «ተነስ አንተ ሰነፍ! መረቡን ማን ሊጎትትልህ ነው?» እያለ ብርድ ልብሱን ሲገፍፈው ኖሯል።

ዛሬ ሐኪሟ መጣች። «ነርቭም ጡንቻም ትእዛዝ ሳይመጣ እንኳ ኤሌክትሪክ ይዘው ነው የሚጠብቁት» አለችው። «ሶዲየሙን እያስወጡ፣ ፖታሲየሙን እያስገቡ። እርስዎ ጣፋጭ ሲያበዙ የደምዎ ፖታሲየም ይወርዳል፤ የጡንቻዎ ኤሌክትሪክ ይዛባል። ነርቩ ቢያዝም ጡንቻው አይሰማም። ስንፍና አይደለም፤ በዘር የሚመጣ ሕመም ነው።»

ደስ ይለዋል ስል ትራሱን በቡጢ ነረተው።

«በዘር? አባቴም ከገና ማግስት እንዲህ ይተኛ ነበር! ሰነፍ እያልን ነው የቀበርነው! እኔ ራሴ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍቼበታለሁ! ጥሩልኝ ያንን ፕሬበን!»

ፕሬበን ታች በሩ ላይ ሲጃራውን እያጨሰ ነው። ነርሷ እስክትጠራው ማን ይጠብቃል? ወገቤን ይዤ ደረጃውን ልውረድ!